ማን አለህ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የተጓዝኩት በ24 ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ጥቂት አፍራለሁ። አባቶቻችን በዚያ ዕድሜ ስንት በረሃ አቋርጠዋል! እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ አዲስ አበባ የተመረቅሁ ነኝ። ከእንጦጦ ማዶ ያለውን አገር ያየሁት በዘመድ ሠርግ ወይም በንግሥ በዓል፣ በሰው ታጅቤ ነበር። አንድ ቀን የምሠራበት ባንክ ወደ ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ መዛወሬን የሚገልጽ የሦስት መስመር ደብዳቤ ሰጠኝ። ደብዳቤውን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ የደመወዙን ነገር አላነሣችም፤ ስለ አየሩም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እዚያ ማን አለህ?»

«ማንም» አልኳት።

እናቴ ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ጓዳ ገብታ በሶ መቋጠር ጀመረች። እኔ ደግሞ ያን ሌሊት የሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በቤታችን ከእኔ በቀር ደመወዝ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። ሆኖም ጻፍኩት። አጥፌም በደረት ኪሴ ከተትኩት። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ተረት ያን ሌሊት ከፍልስፍና ሁሉ የረቀቀ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። ረዳቱ ሻንጣዬን ከጣሪያው ላይ እያሰረ «ማን ይቀበልሃል?» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት፣ ነጭ ጋቢ የደረቡና ጭራ የያዙ ሽማግሌ ደግሞ ሱሉልታን ሳናልፍ «የማን ልጅ ነህ? እዚያስ ማን አለህ?» አሉኝ። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በተጓዝኩበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ቀድሞኝ ሲደርስ አይቻለሁ። ያገራችን ሰው ብቻውን የመጣን መንገደኛ ሲያገኝ ከስሙ በፊት የሚፈልገው የሰዎቹን ስም ነው።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄውን ቀረብ ብለን እንየው። በአማርኛ አንድን ሰው በሩ ላይ ቆመን «አለህ?» ብለን ስንጣራ መኖሩን እየጠየቅን ነው። «ማን አለህ?» ስንለው ደግሞ ወገን ዘመዱን እየጠየቅን ነው። ቃሉ ግን አንድ ነው። ሰው መኖሩና ሰው ያለው መሆኑ በቋንቋችን ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ «ማንም የለኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው ሳያውቀው ግማሽ መንገድ «የለሁም» እያለ ነው። እኔም በዚያች አውቶቡስ ውስጥ የተሰማኝ ይኸው ነበር። ፍርሃቴ የወንበዴ ወይም የገደል ፍርሃት አልነበረም፤ ብወድቅ ስሜን ጠርቶ የሚያነሣኝ የሌለበት ምድር ላይ የመሆን ፍርሃት ነበር።

ለሽማግሌው ለእናቴ የመለስኩትን ደግሜ መለስኩ። «ማንም የለኝም፣ አባባ።»

እሳቸውም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ፍቼን አልፈን፣ ገርበ ጉራቻን አልፈን፣ ጎሃ ጽዮን ደርሰን፣ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር ነው አፋቸውን የከፈቱት። ጆሮዬ ደንዝዟል፤ ሙቀቱ ከታች እየመጣ ፊቴን ይገርፈኛል፤ እጄ በደረት ኪሴ ያለችውን ወረቀት ይዳስሳል።

«እኔ በልጅነቴ ይህን ገደል በእግሬ ወርጄ በእግሬ ወጥቼዋለሁ» አሉኝ። «ለቅኔ ዋሸራ ስሄድ ነው። 13 ዓመቴ ይሆን ነበር።»

«ብቻዎን?»

«ለምን ብቻዬን? አኩፋዳዬ ነበረች፤ ለምዴ ነበረች፤ ለውሻ የምትሆን ዱላ ነበረችኝ። ደግሞም ስሟ ነበረኝ።» ጭራቸውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩና ወደ እኔ ዞሩ። «ስማኝ ልጄ። ማን አለህ ሲሉህ ‹ማንም› አትበል። ‹እናንተ አላችሁ› በላቸው።»

ያኔ ነገሩ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ደርሼ፣ ምሽቱ የሚረዝምበትን የተከራየሁትን ክፍል ከለመድኩ በኋላ ግን በመጻሕፍት ውስጥ ብቻቸውን የተጓዙ ሰዎችን መፈለግ ጀመርኩ። ሰው ሕመሙን ከሚመስል ሕመም ጋር ማስተያየት ይወዳል። ባነበብኩ ቁጥር የሽማግሌው ቃል እየከበደ ሄደ።

* * *

በቀድሞው ዘመን ብቻ መጓዝ እንደ ጀግንነት የሚቆጠር ነገር አልነበረም፤ የችግር ምልክት ነበር። ነጋዴው በቅፍለት ይጓዛል፤ የቅፍለቱ አለቃ ነጋድራስ ይባላል። ይህ ማዕርግ በኋላ ዘመን የጉምሩክና የንግድ ሹመት ስም ከመሆኑ በፊት፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ የመንገደኛ ነጋዴዎች ራስ ማለት ነበር። ጨው የጫነው፣ ቡና የጫነው፣ መነኩሴው፣ ሸሽቶ የሚሄደው ሁሉ ከቅፍለቱ ጥግ ይጠጋል። ብዙ መሆን ከወንበዴም ከአውሬም ይጠብቃል፤ «ማን አለህ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሆናል።

ከቅፍለት የተነጠለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማየት የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ መክፈት ይበቃል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ያሳተሙትና እኛ «ጦብያ» እያልን የምንጠራው መጽሐፍ ከመነሻው የመንገድ ታሪክ ነው። ዋሕድ የተባለው ወጣት ለአባቱ ማስለቀቂያ ገንዘብ ሰጥቶት ስሙን ሳይነግረው የሄደውን ደግ ነጋዴ ሊፈልግ ብቻውን ይወጣል፤ ውለታ ሊመልስ የወጣው ልጅ በመንገድ ተይዞ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። እኅቱ ጦብያ እሱን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። የልብ ወለዳችን ታሪክ የተከፈተው በእንዲህ ያለ ፍርሃት ነው ማለት ነው፦ ብቻውን የወጣ ወንድ ይሸጣል፤ ሴት ደግሞ ሴት ሆና መውጣት አትችልም። እኒሁ ደራሲ በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች የፈረንሳይኛና የአማርኛ መነጋገሪያ ያለበት የመንገደኛ መምሪያ ማሳተማቸው ያስደንቀኛል። መንገደኛ ከበቅሎና ከድንኳን አስቀድሞ ቃል እንደሚያስፈልገው ያወቁ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ብቻውን መሄድን እንደ ሕግ የያዘ አንድ መንገደኛ ነበር። እሱም የቆሎ ተማሪ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርታችን በአንድ ግቢ የተሰበሰበ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ በአገሩ ላይ እንደ ዘር የተበተነ ነበር። ቅኔ የሚፈልግ ዋሸራን፣ ድጓ የሚያስመሰክር ቤተ ልሔምን፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማር ዙር አምባን፣ አቋቋም የሚሻ ጎንደርን ይላል። ስለዚህ መማር ማለት መሄድ ነበር። ልጁ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ወላጆቹ ተከታትለው እንዳይመልሱት ርቆ፣ ስሙን ወደማያውቅ አገር ይገባል። ቆሎ ትምህርት ቤቱም ስሙም ሆነለት።

እኔን የገረመኝ ግን የለማኝነቱ ሥርዓት ነው። ልጁ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ረሃቤ፣ ችግሬ፣ ወላጅ ማጣቴ አላለም። እሱና ባለቤቲቱ ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ስም ጠራ። በዚያች ቅጽበት በደጅ የቆመውና በምድጃ ዳር ያለችው በአንድ ስም ሥር ዘመዳሞች ሆኑ። ልመናው ዝምድናን ማስታወስ ነበር። ሽማግሌው «ስሟ ነበረኝ» ያሉት ለካ ይህንን ነው! ለውሻው ዱላ፣ ለሰው ስም። ያ ልጅ ዋሸራ ማንን እንዳለው ቢጠየቅ እውነተኛው መልስ «የምደርስበት ደጅ ሁሉ» ነበር።

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ያን ሕይወት ማስዋብ አልፈልግም። ቅማልም፣ ወባም፣ የተዘጋ በርም ነበረበት። በመንገድ የቀሩትን የቆጠረ የለም። ሆኖም ያ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ልጆችን ብቻቸውን ከአገር አገር ሲያሻግር ኖሯል። ለልጁ ደፋር ሁን ብሎ አልተወውም፤ ደጅ ላይ ቆሞ የሚላትን ቃል አስያዘው እንጂ።

* * *

ከዋሸራ ርቀን ሮም እንግባ። መንገዱ ሩቅ ቢሆንም የሄዱበት ሰዎች የዚያው ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ከጥንት ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ኢየሩሳሌም ለመሳለም በምድረ ግብፅ በኩል ይሄዱ ነበር። ከእነሱም አንዳንዶቹ ከኢየሩሳሌም ባሕር ተሻግረው ሮም ይደርሳሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለሐበሻ ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ፤ እስከ ዛሬም በሐበሾች ስም ይጠራል። ደብረ ማርቆስ ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት መገንጠያውን ካየሁት ከደብረ ሊባኖስ የወጡት ተስፋ ጽዮን እዚያ ኖረዋል። በ1548 እና በ1549 (እ.ኤ.አ.) የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተሙት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። ፊደሉን የሚለቅሙት የሮም ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ የኅትመት ሥራ አያውቁም። ስለዚህ አንዱ ለሌላው ዓይን እየሆነ እንደ ሁለት ዕውራን ተደጋግፈው መሥራታቸውን ጽፈው፣ አንባቢ ስሕተታቸውን እንዲታገሥ ለምነዋል። በባዕድ አገር ሰው የሚላመደው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ። ሁለቱም ወገን የጎደለውን አምኖ፣ አንድ ሥራ መካከል ላይ አስቀምጦ።

ያ ቤት ለእኔ ከድንጋይ የበለጠ ትርጉም አለው። ቀድመው የመጡ ብቸኞች ለሚቀጥሉት ብቸኞች ያኖሩት መልስ ነው። «ሮም ማን አለህ?» ለሚባል መነኩሴ «ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ አንድ ቤት አለን» የሚል መልስ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያ ቤት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እኚህ ካህን የአምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ከአገር ሲያስወጡ የካቶሊኩን ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝን ተከትለው ተሰደዱ፤ ሕንድ አገር ጎዋ ደረሱ፤ በመጨረሻም ሮም ገቡ። በ1649 (እ.ኤ.አ.) አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ በራቸውን አንኳኳ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ግዕዝን በአገሩ ከመጻሕፍት ተምሯል፤ ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ሲያነብላቸው በአነጋገሩ ሳቁበት፤ ያነበበውን ሲተረጉምላቸው ደግሞ ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። እንግዲህ እዚህ ላይ እንግዳው ማን ነው? በሮም ከተማ ሁሉም እንግዶች ናቸው፤ ባለቤት የሆነው ግዕዝ ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠራቸው። ጉዞውን በዓይነ ሕሊና ማየት ያስፈልጋል። ሰውየው ወጣት አይደሉም፤ ጀርመንኛ አያውቁም። የአልፕስ ተራሮችን ተሻግረው የሚገቡበት አገር ለ30 ዓመት በሃይማኖት ጦርነት ሲነድ ቆይቶ እሳቱ ከጠፋ ገና አራት ዓመቱ ነው። እሳቸው ካቶሊክ፣ የሚጠብቃቸው መስፍን ሉተራዊ። በዚያ ሁሉ ምድር ላይ ማን አላቸው? አንድ ሰው። ያም ሰው ከእሳቸው ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ የሁለቱም የአፍ መፍቻ ያልሆነው ግዕዝ ነው።

በጎታ በፍሪደንሽታይን ግንብ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። መስፍኑ ስለ አገራቸው፣ ስለ እምነታቸው፣ ስለ ሥርዓታቸው ይጠይቃል፤ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ሉዶልፍ ከእሳቸው አፍ አማርኛን መልቀም ጀመረ። በ1681 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪኩ፣ በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ ከእኚህ ካህን ጋር ካደረገው ጨዋታና ደብዳቤ የተቀዱ ናቸው። የአማርኛ ሰዋስው በኅትመት ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። አማርኛችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የተመረመረው በአንድ ብቸኛ መንገደኛ ምላስ ላይ ነው ማለት ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ልባቸውን ማየት አልችልም፤ የማየው ሥራቸውን ነው። የሚፈራና የሚሸማቀቅ ሰው ለወራት ጥያቄ አይመልስም፤ ከተለያየ በኋላም ደብዳቤ አይጽፍም። የተመቻቸው የሚበሉትና የሚለብሱት ስለ ተሟላ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ግንብ ውስጥ ማንም ሌላ ሰው ሊሰጥ የማይችለው ነገር በእጃቸው ነበረ፤ እሱን የሚሻ ሰውም ከፊታቸው ተቀምጦ ነበር። እንግዳ የሚመቸው ሲሰጡት ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠው ነገር እንዳለውና ተቀባይ እንዳገኘ ሲያውቅ ነው።

ፍጻሜያቸው ግን ያሳዝናል። በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ባሕር ላይ ሳሉ፣ እስክንድሩን አቅራቢያ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መልካቸውን አኖረው። ጎታ ላይ ማን ነበራቸው ቢባል፣ ከሞቱ ከ33 ዓመት በኋላ ምስላቸውን ያልጣለ ሰው ነበራቸው።

* * *

ብቻ መጓዝን ቀላል ያደረገው ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 (እ.ኤ.አ.) ፈቃዱን ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ያመጣው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ቲኬት የምትባል ቁራጭ ወረቀትም አመጣ። ቲኬት ማንነትህን አትጠይቅም፤ የማን ልጅ ነህ፣ ማን አለህ አትልም። ገንዘብ ከፍለህ አንድ መቀመጫ ትይዛለህ። ነጋድራስ፣ ቅፍለት፣ አኩፋዳ፣ «በእንተ ስማ» ሁሉ በአንድ ማኅተም ተተኩ። ትልቅ ነጻነት ነው፤ አልክደውም። ዳሩ ግን ጥያቄው ቀረ እንጂ ፍርሃቱ አልቀረም። ቲኬት መቀመጫ ይሰጣል፤ ወገን አይሰጥም።

ይህን ከመስኮቴ በስተጀርባ ተቀምጬ በየቀኑ አየዋለሁ። ወደ ባንካችን የሚመጡ እናቶች አሉ። የተላከላቸውን ገንዘብ የምሥጢር ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ይዘው፣ አንዳንዴም በክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ይመጣሉ። «ከየት ነው የተላከው?» የሚለው የሥራዬ ጥያቄ ነው። ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት ይሉኛል። አንድ ቀን ቅጹን እየሞላሁ ሳላስበው «እዚያ ማን አላት?» አልኳቸው አንዲቱን እናት። «ማን አላት ልጄ፤ እግዜር ነዋ» አሉኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ስሰጣቸው እጄ ከበደኝ።

ከመጀመሪያው የአውሮፕላን ጉዟቸው በፊት ክልላቸውን ለቀው የማያውቁ ልጆች ብቻቸውን በቦሌ ይወጣሉ። በሚደርሱበት አገር «ማን አለሽ?» የሚለው ጥያቄ በሕግ አስቀድሞ ተመልሶ ይጠብቃቸዋል፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው ስም የታሰረ ነው። ያለቻት እመቤት አንዲት ናት፤ እሷ ክፉ ከሆነች ደግሞ ሌላ ደጅ ማንኳኳት ወንጀል ይሆናል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይዙ። ለቆሎ ተማሪው የምንደርስበት ደጅ ሁሉ ዘመዱ ነበር። ለእነዚህ እኅቶቻችን ግን ደጁ አንድ ብቻ፣ ቁልፉም በሰው እጅ ሆነ። ስለዚህ በመንገድ ላይ መረጋጋት የልብ ጥንካሬ ብቻ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም። ጀግና ሆና ሳለ የምታንኳኳው በር ያጣች ሴት አለች። እነሱም ቢሆኑ ግን በዕረፍት ቀናቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ፤ ዕቁብ ይጥላሉ፤ አዲስ ለመጣችው ስልክ ቁጥር ይሰጣሉ። ያ የሮሙ ቤት እንደ ገና እየተሠራ ነው።

* * *

ወደ መነሻዬ ልመለስ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስንደርስ ሽማግሌው ወደ መንደራቸው የሚወስድ መኪና ፍለጋ ተለዩኝ። መርቀውኝ ሄዱ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ቤት ፍለጋ ስዞር ግቢያቸው በር ላይ ስንዴ የሚለቅሙ አንዲት እማማ «የት ነህ ልጄ? ማን አለህ እዚህ?» አሉኝ። አፌ «ማንም» ሊል ነበር። ሽማግሌው ትዝ አሉኝና እያፈርኩ፣ «እማማ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ ማን አለኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ሰፌዱን አስቀመጡና በርጩማ ጠቆሙኝ። የሚከራይ ክፍል አልነበራቸውም፤ ያለው የጎረቤታቸው ቤት ነበር። ግን ቡና ጠጥቼ ነው የወጣሁት፤ ጎረቤታቸውንም ጠርተው «ይኸ የኔ እንግዳ ነው፤ ኪራይ እንዳታበዢበት» አሏት። በዚያ ክፍል አራት ዓመት ኖርኩ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ዛሬም በአንድ መጽሐፍ ገጾች መካከል እንደ ዕልባት ሆና አለች።

ዛሬ ያንን መንገድ በዚያን ጊዜው ልብ ሂዱ ለማለት አልደፍርም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በተነሣው ግጭት ስንቱ መንገደኛ በመንገድ እንደ ቀረ ሁላችን ሰምተናል። እማማን በስልክ ሳገኛቸው ስለ ሰላሙ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። በሩቅ አገር ማን አለህ ብባል ዛሬ መልስ አለኝ። ጭንቀቴ የጨመረውም ለዚያ ነው፤ ሰው ያለው ሰው የሚያስብለትም አለው።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ወዳለው ቅርንጫፋችን አንዲት ልጅ ከጂንካ ተመድባ መጣች። የመጀመሪያ ሥራዋ፣ የመጀመሪያ ከተማዋ። ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ ሳታወርድ እስከ ቀትር ተቀመጠች። በምሳ ሰዓት ጠጋ አልኳትና «እዚህ ማን አለሽ?» አልኳት።

«ማንም የለኝም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ሊሰማ አይችልም ነበር።

«ተሳስተሻል» አልኳትና ምሳዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛችን እንድትመጣ ጠራኋት።

ስንቄን ቋጥሬ ስወጣ፣ ደጅ ላይ ሰማሁ ጥያቄ፣
«ማን አለህ?» ሲለኝ መንገዱ፣ ባዶ መሰለኝ ስንቄ።
በሩን ስመታው የከፈተ፣ ስሜን እንኳ ያላወቀ፣
«ግባ» ባለኝ በአንዲት ቃል፣ የመንገዴ ርቀት አለቀ።
ዛሬ ደጄ ቆሜ ሳይ፣ ሌላ መንገደኛ ሲመጣ፣
«አለሁልህ» ልበለው፣ ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ።